የተዘጋጀ የሥነ ዜጋ ትምህርት ዕቅድን ለራስ ክፍል ማስማማት

ሌላ ሰው ያዘጋጀው የትምህርት ዕቅድ ሲያዩት ያለቀለት ይመስላል። ዓላማው ተጽፏል፣ ደቂቃው ተከፋፍሏል፣ ጥያቄዎቹ በተራ ተቀምጠዋል። አዘጋጁ ግን የእርስዎን ተማሪዎች አያውቃቸውም። ስንት እንደሆኑ፣ ባለፈው ሳምንት ምን ላይ እንዳቆሙ፣ የአገራቸው መንግሥት እንዴት እንደተዋቀረ ሳያውቅ ነው የጻፈው። ስለዚህ ዕቅዱን እንዳለ ይዞ ክፍል መግባት አያዋጣም፤ «ለኛ አይሆንም» ብሎ መጣልም ብዙ የተለፋበትን ሥራ ማባከን ነው። ማስማማት ያስፈልጋል። ሲያስማሙ አንድ ነገር አይንኩ፦ ተማሪዎቹ ራሳቸው የሚወስኑበትን፣ የሚቆጥሩበትን፣ የሚከራከሩበትንና የሚያመዛዝኑበትን ጊዜ። የቀረው ሁሉ ሊያጥር፣ ሊቀየር ወይም ሊወጣ ይችላል።

ይህን አጥብቀን የምንናገረው በምክንያት ነው። በአብዛኞቹ ዕቅዶች ውስጥ የተማሪዎቹ ተግባር የሚመጣው ወደ መጨረሻው ነው። ጊዜ ሲያጥር ደግሞ የሚቆረጠው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። ገለጻው ሙሉ ጊዜውን ይወስዳል፣ ተግባሩ «በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ» ይባልና ተረስቶ ይቀራል። ተማሪው «ዴሞክራሲ ማለት…» የሚለውን ሸምድዶ ይወጣል፤ ድምፅ ሰጥቶ፣ ተሸንፎ፣ ውጤቱን መቀበል ምን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ሳይቀምሰው ዓመቱ ያልቃል።

ዕቅዱን ከመጨረሻው ገጽ ይጀምሩ

መጀመሪያ የሚያነቡት ምዘናውን ይሁን፤ ቀጥሎ የተማሪዎቹን ተግባር፣ በመጨረሻ ዓላማውን። እንዲህ ከኋላ ወደ ፊት ሲነበብ ሦስቱ መናበባቸው ወይም አለመናበባቸው ቶሎ ይታያል። ለምሳሌ ዓላማው «ተማሪዎች የሕግ የበላይነትን ይረዳሉ» ይላል፣ ተግባሩ አንድ ጽሑፍ ማንበብ ነው፣ ምዘናው ደግሞ «የሕግ የበላይነትን ተርጉም» የሚል ጥያቄ ነው። ይህ ዕቅድ የሚያስተምረው ቃል ማስታወስን ብቻ ነው። «ይረዳሉ»፣ «ያውቃሉ»፣ «ያደንቃሉ» የሚሉ ግሦች ክፍል ውስጥ በዓይን አይታዩም። በሚታይ ሥራ ይተኳቸው፦ «ተማሪዎች አንድ ባለሥልጣን የወሰደውን እርምጃ አንብበው፣ ሕጉ ከሰጠው ሥልጣን ማለፉን ወይም አለማለፉን ከአንቀጹ አንድ ሐረግ ጠቅሰው ያሳያሉ።» ዓላማው እንዲህ ሲሆን ተግባሩም ምዘናውም አብረው መቃናት ይጀምራሉ።

ለአንድ ክፍለ ጊዜ አንድ ዓላማ ይበቃል። ዕቅዱ አራት ዓላማ ከደረደረ ከመርሐ ትምህርቱ ጋር የሚገጥመውን አንዱን አስቀርተው ሦስቱን ይሰርዙ። የተማሪ ተግባር ፈጽሞ የሌለው ዕቅድ ካጋጠመዎት ደግሞ አይድከሙበት፤ ሌላ ይፈልጉ። ገለጻን ለማሳጠር ደቂቃዎች ይበቃሉ፣ ጥሩ ተግባር ከባዶ ለመፍጠር ግን አንድ ምሽት አይበቃም።

አዘጋጁ ማን እንደሆነና መቼ እንዳዘጋጀውም ይመልከቱ። የአንድ ፓርቲ፣ የአንድ ኩባንያ ወይም የአንድ ዘመቻ ድርጅት ያወጣው ዕቅድ የግድ መጥፎ አይደለም፤ ግን የትኛው ወገን እንደጎደለ እየጠየቁ መነበብ አለበት።

ሕጉንና መረጃውን ይፈትሹ

በሒሳብ ዕቅድ ውስጥ ያለ ምሳሌ የትም አገር ይሠራል። የሥነ ዜጋ ዕቅድ ግን የተጻፈበትን አገር መንግሥት በሆዱ ይዞ ይመጣል። ትልቁ ስሕተት የሚገባውም በዚህ በኩል ነው።

በጣም የሚደጋገመው የሥልጣን ክፍፍል ሥዕል ነው፦ ሦስት የተለያዩ ሣጥኖች፣ ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈፃሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። ሥዕሉ የሚስማማው ለፕሬዚዳንታዊ ሥርዓት ነው፤ እዚያ የመንግሥቱ መሪ ከምክር ቤቱ ተለይቶ ይመረጣል። በፓርላሜንታዊ ሥርዓት ግን መንግሥት የሚመሠረተው በምክር ቤቱ ድጋፍ ነው፣ የሚቆየውም ያ ድጋፍ እስካለ ድረስ ነው። የእርስዎ አገር ፓርላሜንታዊ ከሆነ የአስፈፃሚውን ሣጥን ከሕግ አውጪው ሣጥን ጋር በከፊል ደርበው ይሣሉት፤ የፍርድ ቤቱን ለብቻው ይተዉት። ያኔ አንድ ተማሪ «ጠቅላይ ሚኒስትሩ የምክር ቤት አባል ከሆነ ሥልጣኑ የቱ ላይ ተከፈለ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ጥያቄ ከዕቅዱ ጥያቄዎች ሁሉ ይበልጣል። ማንም ካልጠየቀው እርስዎ ይጠይቁት።

ሁለተኛው ችግር የሰብዓዊ መብቶች ነገር ነው። ዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ «አገሮች የፈረሙት ስምምነት» ተብሎ የተጻፈባቸው ዕቅዶች አሉ። ስሕተት ነው። መግለጫው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 10 ቀን 1948 በተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ48 የድጋፍ ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ፣ በ8 ድምፀ ተዓቅቦ የፀደቀ 30 አንቀጽ ያለው ሰነድ ነው፤ ለፊርማ የቀረበ ውል አልነበረም። አገሮች የሚፈርሙትና የሚያፀድቁት እንደ ሲቪልና ፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን ያለውን ነው፤ እሱ በ1966 በጉባኤው ጸድቆ በ1976 ሥራ ላይ ዋለ። ልዩነቱ ለተማሪ ጥቃቅን ነገር አይደለም። «መንግሥት ይህን ካላከበረ ማን ይጠይቀዋል?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ የሚወሰነው በዚሁ ነው።

አንቀጽ የተጠቀሰበትን ቦታ ሁሉ በእርሳስ ያክብቡ፤ ከዚያ ሥራ ላይ ያለውን ሕገ መንግሥት አውጥተው አንቀጹን በጣትዎ እየተከተሉ ያመሳክሩ። የማሻሻያ ሕግ ወጥቶ ከሆነ አሮጌው ቁጥር የትም አያደርስዎትም። ለ40 ደቂቃ ትምህርት ይህ ሥራ ከሩብ ሰዓት ብዙም አያልፍም።

ደቂቃውን ይቁጠሩ

ዕቅዱ 60 ደቂቃ ይላል፣ የእርስዎ ክፍለ ጊዜ 40 ነው እንበል። ከ40ው ላይ ተማሪ እስኪገባና ስም እስኪጠራ 3 ደቂቃ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ለመውጫ ጥያቄ፣ ማለትም ተማሪዎች ከመውጣታቸው በፊት በጽሑፍ ለሚመልሱት አጭር ጥያቄ፣ 5 ደቂቃ ይያዙ። የቀረዎት 32 ነው። ከዚህ ላይ ቢያንስ 20ው የተማሪዎቹ መሆን አለበት።

ሲቀንሱ በዚህ ቅደም ተከተል ይሂዱ። መጀመሪያ ቪዲዮው ይውጣ፤ መሣሪያውን ለማስተካከል የሚጠፋው ጊዜ ብቻውን ከቪዲዮው ሊረዝም ይችላል። ቀጥሎ የቃላት ትርጉም፦ ሦስት አራት ቃል መርጠው አንድ ቀን ቀድሞ የቤት ሥራ ይስጡ፣ ወይም ተማሪ ከመግባቱ በፊት ሰሌዳው ጥግ ላይ ይጻፉ። ሦስተኛው የቡድን ሪፖርት ነው፣ ብዙ መምህራን የማይጠረጥሩት ሌባ። 12 ቡድን እያንዳንዱ 2 ደቂቃ ሲናገር 24 ደቂቃ ይሆናል፤ ከአራተኛው ቡድን በኋላ ደግሞ የሚሰማ የለም። በዕጣ 3 ቡድን ብቻ ይጥሩ፤ ሌሎቹ እጅ የሚያወጡት ገና ያልተባለ ነገር ካላቸው ብቻ ይሁን። በዕጣ መሆኑ ሁሉንም ቡድን ዝግጁ ያደርጋል።

ወረቀትም እንደዚሁ ይቆጠራል። ዕቅዱ «ለእያንዳንዱ ተማሪ አንድ ቅጂ» ቢልም 60 ተማሪ በአምስት አምስት ሲከፈል 12 ቅጂ ይበቃል። ከአምስት የሚበልጥ ቡድን አያድርጉ፤ ስድስተኛውና ሰባተኛው ተማሪ ሥራ ፈት ይሆናሉ፣ ከዚያ የቀረውንም ይረብሻሉ። አንባቢ፣ ጸሐፊ፣ ሰዓት ጠባቂ፣ ተቃራኒ ሐሳብ አንሺ፣ ተናጋሪ ብለው ሥራ ያከፋፍሉ። ወንበሩ የማይነቃነቅ ከሆነ የፊት ረድፎቹ ወደ ኋላ ዞረው ከኋላቸው ካሉት ጋር ይሥሩ።

አንድ ዕቅድ ከመነሻው እስከ መውጫው

የምርጫ ሥርዓት ላይ የተዘጋጀ ዕቅድ እጅዎ ገባ እንበል፦ 20 ደቂቃ ስለ ምርጫ ታሪክ ገለጻ፣ 10 ደቂቃ ቪዲዮ፣ 25 ደቂቃ የክፍል ምርጫ፣ 5 ደቂቃ ማጠቃለያ። ገለጻውና ቪዲዮው ይወጣሉ። የክፍል ምርጫው ደግሞ ይሰፋል።

ከአንድ ቀን በፊት ከ5 ኤ4 ወረቀት 40 ብጣሽ ይቁረጡ፣ ከአንድ ወረቀት 8። ጥያቄው «በሳምንት አንዱን ነፃ ክፍለ ጊዜ በምን እናሳልፈው?» ነው፤ ምርጫዎቹ ስፖርት፣ ሙዚቃ፣ ንባብ። በ16ቱ ብጣሽ ላይ «1ኛ ስፖርት፣ 2ኛ ንባብ፣ 3ኛ ሙዚቃ» ብለው ይጻፉ። በ14ቱ ላይ «1ኛ ሙዚቃ፣ 2ኛ ንባብ፣ 3ኛ ስፖርት»። በ10ሩ ላይ «1ኛ ንባብ፣ 2ኛ ሙዚቃ፣ 3ኛ ስፖርት»። ተማሪው 20 ከሆነ 8፣ 7 እና 5 ያድርጉት፤ 60 ከሆነ 24፣ 21 እና 15። ቁጥሩ በመሀል ከሆነ ወደ ታችኛው ያውርዱና የተረፉትን ምርጫ አስፈፃሚና ታዛቢ ያድርጓቸው። ድምፅ የሚቆጥሩት እነሱ ይሁኑ፣ እርስዎ አይቁጠሩ።

1. ስም ከተጠራ በኋላ ብጣሾቹን አደባልቀው ያድሉ፤ 4 ደቂቃ ይወስዳል። «ዛሬ የምትመርጡት የራሳችሁን ፍላጎት አይደለም፣ ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው ሆናችሁ ነው» ብለው ሁለት ጊዜ ይንገሯቸው። ይህ ትምህርት ከተበላሸ የሚበላሸው እዚህ ነው፤ ጥቂት ተማሪዎች የሚወዱትን ከመረጡ ቁጥሩ ይዛባና ቀጣዩ ሁሉ ይፈርሳል።

2. አንደኛ ቆጠራ፣ 6 ደቂቃ። እያንዳንዱ 1ኛ ምርጫውን ብቻ ይሰጣል። ስፖርት 16፣ ሙዚቃ 14፣ ንባብ 10። ስፖርት አሸነፈ። የብሪታንያ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት የሚመረጡት በዚህ መንገድ ነው፤ ብዙ ድምፅ ያገኘ ያልፋል፣ ግማሽ መሙላት አያስፈልገውም።

3. ሁለተኛ ቆጠራ፣ 8 ደቂቃ። ማንም ከግማሽ በላይ ስላላገኘ ሁለቱ ቀዳሚዎች ብቻ ይወዳደራሉ። ንባብን የመረጡት 10ሩ ወደ 2ኛ ምርጫቸው፣ ወደ ሙዚቃ ይዞራሉ። ሙዚቃ 24፣ ስፖርት 16። አሸናፊው ተቀየረ። የፈረንሳይ ፕሬዚዳንት የሚመረጠው በሁለት ዙር ነው። ክፍሉ እዚህ ጋ መንጫጫቱ አይቀርም፤ ዝም አያሰኟቸው፣ ግማሽ ደቂቃ ይተዉላቸው።

4. ሦስተኛ ቆጠራ፣ 6 ደቂቃ። ለ1ኛ ምርጫ 2 ነጥብ፣ ለ2ኛ 1፣ ለ3ኛ 0። ድምሩ ሰሌዳው ላይ ይሠራ፦ ስፖርት 32፣ ሙዚቃ 38፣ ንባብ 50። መጀመሪያ መጨረሻ የወጣው ንባብ አሸነፈ። ድምሩ 120 ካልመጣ ቆጠራው ላይ ስሕተት አለ ማለት ነው፤ ታዛቢዎቹ ያግኙት። ይህ የነጥብ ዘዴ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዣን ሻርል ደ ቦርዳ እ.ኤ.አ. በ1770 ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው ነው። ሌላው ፈረንሳዊ ምሁር ኮንዶርሴ ደግሞ በ1785 ምርጫዎቹን ሁለት ሁለት አድርጎ ማወዳደር ይሻላል ብሎ ተከራከረ። ፈጣን ተማሪዎች ካሉ ይሞክሩት፦ ንባብ ስፖርትን 24 ለ16፣ ሙዚቃን 26 ለ14 ይረታል።

5. ውይይት፣ 8 ደቂቃ። አንድም ወረቀት አልተቀየረም፣ አንድም ድምፅ አልተሰረቀም፤ አሸናፊው ግን ሦስት ሆነ። ታዲያ «የሕዝብ ምርጫ» የትኛው ነው? መልሱን አይስጡ። ጥያቄውን ከጠየቁ በኋላ በልብዎ እስከ አምስት ይቁጠሩ። ሜሪ በድ ሮው የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ እንዳሳየችው መምህራን ከጥያቄ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሴኮንድ ያህል ነው፤ ጥበቃው 3 ሴኮንድና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን መልሱ ይረዝማል፣ ዝም ይሉ የነበሩትም መናገር ይጀምራሉ።

6. መውጫ ጥያቄ፣ 5 ደቂቃ፣ በብጣሹ ጀርባ፦ «ለአገር ምርጫ ከሦስቱ የትኛውን ትመርጣለህ/ትመርጫለሽ? አንድ ጥቅሙንና አንድ ጉድለቱን ጻፍ/ጻፊ።»

ድምሩ 40 ይመጣል። ቀጣዩ ክፍለ ጊዜ ስለ ምስጢራዊ ድምፅ ከሆነ ከሰብዓዊ መብቶች መግለጫው አንቀጽ 21 በቀጥታ ያስነብቡ፤ በየጊዜው የሚደረግ እውነተኛ ምርጫና በምስጢር የሚሰጥ ድምፅ በአንድ አንቀጽ ውስጥ ተቀምጠዋል።

አከራካሪ ጉዳይ ሲመጣ

እ.ኤ.አ. በ1976 የጀርመን የፖለቲካ ትምህርት ባለሙያዎች በቦይተልስባኽ ተሰብስበው ከተወያዩ በኋላ ሦስት መርሆች ተጻፉ። መምህር ተማሪውን በራሱ አቋም አይጫነው፤ ምሁራንና ፖለቲከኞች የሚከራከሩበት ጉዳይ ክፍል ውስጥም አከራካሪ ሆኖ ይቅረብ፤ ተማሪው የራሱን ሁኔታና ጥቅም መመርመር ይቻለው። የተዘጋጀ ዕቅድን ለመፈተሽ ከነዚህ የተሻለ ወንፊት አናውቅም።

ወንፊቱን ጥያቄዎቹ ላይ ይጠቀሙበት። «ግዴታ የሆነ የማኅበረሰብ አገልግሎት ለምን ይጠቅማል?» የሚለው ጥያቄ መልሱን ውስጡ ደብቆ ነው የመጣው። «ግዴታ መሆን አለበት ወይስ የለበትም? ማን ይጠቀማል፣ ማን ይጎዳል?» ብለው ይቀይሩት። በሌላ በኩል ደግሞ ያለቀለትን ጉዳይ አከራካሪ አስመስለው አያቅርቡ። የሰው ልጅ በባርነት ይያዝ ወይስ አይያዝ የሚል ክርክር ክፍል ውስጥ ቦታ የለውም፤ የግብር መጠን ግን አለው።

«ቤተሰብህ ማንን ይደግፋል?» ዓይነት ጥያቄ ያለበት መልመጃ ይሰረዝ። ልጁን ያጋልጠዋል፣ የድምፅ ምስጢራዊነትንም በተግባር ይሽራል። እጅ በማውጣት አቋም የሚለይበት ጨዋታም ተማሪው ጓደኛውን እያየ እንዲወስን ያደርገዋል፤ በብጣሽ ወረቀት ይተኩት።

ለክርክር የምንመርጠው ወንድማማቾቹ ዴቪድና ሮጀር ጆንሰን የቀረጹትን አቋም የመለዋወጥ ዘዴ ነው። ጥያቄው «ድምፅ የመስጫ ዕድሜ 16 ይሁን ወይስ 18?» ነው እንበል። አብዛኛው አገር 18 ይላል፣ ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2007 ወደ 16 አውርዳለች፣ በብራዚል ደግሞ 16 እና 17 ዓመት የሆናቸው ከ1988ቱ ሕገ መንግሥት ጀምሮ ከፈለጉ ይመርጣሉ፣ አይገደዱም። አራት ተማሪ ሁለት ሁለት ይሆናል። 6 ደቂቃ ይዘጋጃሉ። ሁለቱ ወገኖች በየተራ 2 ደቂቃ ያቀርባሉ፣ አድማጩ ማስታወሻ ይይዛል እንጂ አይመልስም። ከዚያ አድማጩ የሰማውን በ1 ደቂቃ መልሶ ይናገራል፤ ተናጋሪው «አዎ፣ ያልኩት እሱን ነው» እስካላለ ድረስ አይታለፍም። ቀጥሎ ቦታ ይለዋወጡና የሌላውን አቋም 6 ደቂቃ ይከራከሩበታል። በመጨረሻ አቋማቸውን ሁለቱም ይጥሉና የተስማሙበትንና ያልተስማሙበትን በ8 ደቂቃ ይጽፋሉ። ጠቅላላው 26 ደቂቃ ነው። ጊዜ ቢያጥርዎ መልሶ መናገሩን አይቁረጡት፤ ሰው በተቃዋሚው አፍ ውስጥ ያልተባለ ቃል እንዳያስገባ የሚለማመደው እዚያ ነው።

ነጥብ አሰጣጥና የኅዳግ ማስታወሻ

የተማሪ አቋም ነጥብ አይሰጠውም፣ አይቀነስበትምም። ከ3 ያርሙ፦ አቋሙ ግልጽ ከሆነ 1፣ ከጽሑፉ ወይም ከቆጠራው ማስረጃ ካመጣ 1፣ የተቃራኒውን ወገን ጠንካራ ነጥብ ሳያጣምም ካነሳ 1። ይህን መስፈርት ከተግባሩ በፊት ሰሌዳ ላይ ይጻፉት፤ አለበለዚያ ተማሪው የእርስዎን አቋም ገምቶ እሱን ይጽፍልዎታል። የመውጫ ወረቀቶቹን በሦስት ክምር ይለዩ፦ የገባቸው፣ በከፊል የገባቸው፣ የሳቱት። ሦስተኛው ክምር ከክፍሉ ሲሶ ካለፈ የሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ያስማሙትን ዕቅድ ለሌሎች መምህራን ማካፈል ሲፈልጉ ፈቃዱን ይመልከቱ። ሥራን በነፃ ለመጠቀም በሚያስችለው በክሪዬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የወጣ ከሆነ የመጀመሪያው አዘጋጅ ስም ይጠቀስ፣ የተለወጠው ነገርም ይገለጽ። «ተሻሽሎ አይሰራጭ» የሚል ፈቃድ ካለው ግን ለራስዎ ክፍል ያስተካከሉትን ቅጂ አያሠራጩ፤ ዋናውንና የእርስዎን የማስተካከያ ማስታወሻ ለየብቻ ይስጡ።

ማስታወሻው በዚያው ቀን፣ በዕቅዱ ኅዳግ ላይ ይጻፍ። ስሜት ሳይሆን ደቂቃና ቦታ ይመዝገብ፦ «ሁለተኛው ቆጠራ 11 ደቂቃ ወሰደ፤ የኋላ ረድፎች የሰሌዳውን ቁጥር አላዩም»፤ «ብጣሹን አደባልቆ ማደሉ ጊዜ በላ፣ በሚቀጥለው በየረድፉ ተለይቶ ይታሰር»። ሌላኛው ክፍል ያንኑ ትምህርት ነገ የሚወስድ ከሆነ ኅዳጉን አይተው ማስተካከያውን ዛሬ ማታ ያድርጉ፤ አዲሶቹን ብጣሾችም በየረድፉ ቆጥረው በክር ያስሩ።